ኦዴትና ቁም ሣጥን የሌላት ክፍል

ኦዴት ፍራጎሶ ቢሯችን ስትመጣ ከሰላምታዋ በፊት የቁልፎቿ ኳኳታ ይሰማል። ሁሉም የሟቾች ቤት ቁልፎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም በገዛ እጇ ጽፋ አስራበታለች። እኔ እዚህ ቱላሬ ከተማ የጠበቃ ሃልቨርሰን ጸሐፊ ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት የኑዛዜና የውርስ ወረቀት ስጽፍ ኖሬአለሁ፣ ያየሁት የቤት ደላላም ለቁጥር ያታክታል። ከሁሉም ግን አንዷን ኦዴትን የሚያክል አላጋጠመኝም። ይህን ፊቷ ብናገር ወር ሙሉ ስለምትኮራብኝ ለእናንተ ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ሰው ደላላ ሲባል ቤት አሳይቶ ኮሚሽኑን የሚቀበል ይመስለዋል። የሟች ቤት ግን እንዲያ አይሸጥም። ጠበቃው ወረቀቱን ያውቃል እንጂ ቤቱን አያውቅም፤ የእኔ አለቃ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲያሸጥ የአንዱንም ኩሽና ረግጦ አያውቅም። የበሩን ቁልፍ የምታስቀይረው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተረሳውን ዓሣ አፍንጫዋን ይዛ የምትጥለው፣ ሣሩን የምታጠጣው፣ የቤት ዋጋ ገማቹን ይዛ የምትዞረው፣ የተጣሉ ወራሾች መሐል የምትገባው ኦዴት ናት። አንድ ጊዜ የሟች በቀቀን ሰባት ወር ቤቷ አስቀምጣለች። በቀቀኑ በሟቹ ድምፅ ባሏን ሲሰድበው ይውላል፣ እሷ ደግሞ "የንብረቱ አካል ነው፣ ዝም በለው" ትለዋለች።

ታዲያ ጉራም አላት። "አንድ ቤት ገብቼ አንዴ ከዞርኩ ማን የት ይተኛ እንደነበር ልንገርሽ" ትለኛለች። እውነቷን ነበር፣ እስከ ባለፈው ነሐሴ።

ሴራፊም ቶስቴ ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ወንደላጤ ነበር። በሰማንያ አራት ዓመቱ ሲሞት ወላጆቹ ያቆሙትን ቤት ለወንድሙ ለኡርባኖና ለታናሽ እህታቸው ለአልዳ እኩል አወረሰ፤ ውርስ አጣሪ እንዲሆን የሾመው ኡርባኖን ነው። ወንድምና እህቱ አልተጣሉም፣ ግን አይጠያየቁም። በመንፈስ ቅዱስ በዓል ሰልፍ ላይ ሲገናኙ ስለ ሙቀቱ ያወሩና ይለያያሉ፤ አርባ ዓመት እንዲሁ ሄዷል።

ኦዴት ቤቱን አጽድታ፣ ማስታወቂያ አውጥታ በሦስተኛው ሳምንት ገዢ አገኘች። ሮሄልዮና ማሪቤል ሴንዴሃስ ይባላሉ። እሱ ላም ያልባል፣ እሷ ትምህርት ቤት ታበስላለች፤ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት በተከራዩት ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ባንክ ብድሩን የፈቀደላቸው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ብቻ ነበር። በእኛ ሥርዓት ደግሞ ጠበቃው "በዚህ ዋጋ ልንሸጥ ነው" ብሎ ለወራሽ ይጽፋል፣ ወራሹ አሥራ አምስት ቀን ዝም ካለ ቤቱ ይሸጣል። ከተቃወመ ነገሩ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ዳኛውም እዚያው ችሎት ላይ ጨረታ ይከፍታል። ቀጠሮው ብቻ ሁለት ወር ይፈጃል። በዚያ ላይ ቤት እየገዙ የሚያከራዩ ነጋዴዎች የባንክ ቼካቸውን ይዘው የፊት ወንበር ላይ ይደረደራሉ። ሴንዴሃሶች ያኔ አለቀላቸው ማለት ነው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከአልዳ ደብዳቤ መጣ። "እቃወማለሁ። ዋጋው ትንሽ ነው" ይላል፣ ሌላ ቃል የለበትም።

"ዋጋው እኮ ከግምቱ በላይ ነው!" አለ ሃልቨርሰን መነጽሩን አውልቆ። "ይቺ ሴትዮ ምን ሆነች?"

"ዋጋው አይደለም" አለች ኦዴት። "ዋጋ የከነከነው ሰው ቁጥር ይጽፋል። ይቺ ተቀይማ ነው።"

"ቅያሜ የሚባል ፎርም የለኝም።"

"ለዚህ ነው እኔን የምትፈልገኝ፣ ጌታዬ። ሄጄ ላናግራት?"

"ሂጂ፤ ስለ ሕግ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ፈርሚ ብለሽም እንዳትገፊያት። የእሷ ጠበቃ አይደለሁም።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም አብረሻት ሂጂ። ተቃውሞዋን የምትተውበትን ቅጽ ያዢ፣ ደግሞ አፏን ጠብቂልኝ።"

የኦዴትን አፍ መጠበቅ ለእኔም ከአቅም በላይ ነው። ቢሆንም ሄድን።

አልዳ የምትኖረው ቪሴሊያ ነው፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ዓይኗ የሚቆጣ። ጣፋጭ ዳቦ ቆርሳ አቀረበችልን፣ ግን ብሉ አላለችንም። ከዚያ መሳቢያ ከፍታ የኦዴትን ማስታወቂያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል።

"አንብቢው፣ ልጄ። ጮክ ብለሽ።"

ኦዴት አነበበች፦ "ሦስት መኝታ ክፍልና አንድ ዕቃ ማስቀመጫ።"

"ዕቃ ማስቀመጫ!" አለች አልዳ። "ዕቃው እኔ ነኝ! ስድስት ዓመቴ ላይ አያቴ ከአገር ቤት፣ ከደሴቶቹ መጣች። አልጋዬን ሰጧትና እኔን ከኋላ በረንዳው ጋ፣ ከድንች ጆንያ ጋር አስገቡኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ተኝቼበታለሁ። አንድ ቀን እንኳ የአልዳ ክፍል ያለው የለም፣ 'የኋላው' ነበር የሚሉት። ይኸው አሁን ኡርባኖ በጋዜጣ አስወጣው።"

ኦዴት ፊቷ ቀላ። ቤት አንዴ ዞሬ ሁሉን አውቃለሁ የምትል ሴት በዚያች ክፍል ውስጥ ያየችው ባዶ መደርደሪያ ብቻ ነበር። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ።

"እትዬ አልዳ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "እኛ ደላሎች ዘንድ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁም ሣጥን የሌለው ክፍል መኝታ ክፍል ተብሎ አይቆጠርም። ማን ይተኛበት እንደነበር ሳልጠይቅ በልማድ ጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አትሸፍኚለት። እሱ ነው ያስጻፈሽ።"

"እሱማ ማስታወቂያውን እስካሁን አላየውም፤ መነጽሩ ተሰብሯል።"

አልዳ አላመነቻትም። ስለ ቅጹ ሁለታችንም አላነሳን። ኦዴት ዳቦዋን ሳይጋብዟት አንስታ ጎረሰችና "ነገ ጠዋት መጥቼ ልውሰድዎት፤ ቤቱን ከመግባባታችንም ሆነ ከመካሰሳችን በፊት አንዴ ይዩት" አለቻት። አልዳ ማስታወቂያውን አጣጥፋ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው። ቤቱን ከእናታቸው ቀብር ወዲህ አልረገጠችውም። በመጨረሻ "ሦስት ሰዓት ላይ ዝግጁ ነኝ" አለች።

በማግስቱ ከጎረቤት የከብት እርባታ የሚመጣው የላሞች ሽታ ሳይነሳ እሷን ይዘን ቤቱ ደረስን። ኡርባኖ ደጃፉ ላይ በከዘራ ቆሟል፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ምላሱ ግን ገና አላረጀም።

"መጣሽ?" አላት። "ዋጋ ልታስጨምሪብን?"

"ዕቃ ተረስቶብኝ ነው" አለችው፣ "የድንች ጆንያ።"

ኡርባኖ ግራ ገብቶት ኦዴትን አያት። ኦዴት የሆነውን ሁሉ፣ የራስዋንም ስህተት ጨምራ ነገረችው። እኔ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ከዘራውን ወለሉ ላይ መታና ሳቀ።

"አንቺ! ለዚያ ክፍል ነው የምታለቅሺው? የኔን አልጋ ረስተሽዋል? ከሴራፊም ጋር! ያ ሰው በእንቅልፉ እንደ በቅሎ ሲራገጥ አሥራ ስድስት ዓመት ጎኔን አቁስሎኛል። አያትሽ በግድግዳው ማዶ ታንኮራፋለች። አንቺ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የራስሽ በር ነበረሽ!"

"'የኋላው' ነበር የምትሉት።"

"እማማ ፊት ነዋ! እኔና ሴራፊም ብቻችንን ስንሆን 'ቤተ መንግሥቱ' ነበር የምንለው። እንዲያውም አንድ ክረምት ተማክረን አባባ ጋ ሄድን፤ ክፍሉን ለእኛ ስጠን፣ አልዳ ከአያቷ ጋር ትተኛ አልነው።"

አልዳ ትክ ብላ አየችው። "ምን አለ?"

"በጥፊ ሊለኝ ምንም አልቀረውም። 'እሷ ሴት ልጅ ናት፤ ገብታ በሯን የምትዘጋበት ቦታ ያስፈልጋታል' አለን። ከዚያ በኋላ ማን ደግሞ ያነሳዋል?"

"አባባ? አባባ ነው እንዲህ ያለው?"

"ማን ይሆናል ታዲያ፣ ጳጳሱ?"

አልዳ ወደ ኋላ ሄደች፣ የክፍሏን በር ከፍታ ገባችና ዘጋችው። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ቀረን። ኡርባኖ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ኦዴት ያዘችው። በሩ የተዘጋው በአባትየው ፈቃድ ነው፣ ማንስ ያስከፍተዋል? እኔ ሴንዴሃሶችን እያሰብኩ ሰዓቴን አያለሁ፤ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ከበስተኋላችን፣ በዋናው በር በኩል አልዳ ገባች። በራሷ በር ወጥታ ቤቱን ዞራ መምጣቷ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፏ ግን ይስቃል።

"መስኮቱ አሁንም ገፋ ካላደረጉት አይከፈትም" አለች። "የሚፈረመው ነገር የታለ?"

ቅጹን አውጥቼ ሰጠኋት። ኦዴት ፊርማውን ሳትጠብቅ "ማስታወቂያው ላይ ግን መኝታ ክፍል ብዬ ላስተካክለው አልችልም፣ እትዬ። ቁም ሣጥን የለውም፤ ገዢውን መዋሸት ይሆናል" አለች። እኔ በልቤ፣ አሁን ይህን ምን አናገራት አልኩ። ኦዴት ግን ይቺ ናት፤ ሳታጣራ የጻፈችውን እንጂ እያወቀች ያጣመመችውን አላውቅም።

"አታስተካክዪው" አለች አልዳ። "ለሰዎቹ ግን በአፍሽ ንገሪያቸው፤ ሰው ተኝቶበታል።"

"ንግሥት ተኝታበታለች በያቸው" አለ ኡርባኖ።

ፈረመች። ግቢው ውስጥ ሆኜ ለሃልቨርሰን ደወልኩና ሽያጩ እንደሚቀጥል ነገርኩት። "ምን ብላ አሳመነቻት?" አለኝ። "ጥፋቷን አመነች" ስለው "ምኗን?" ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ጠበቃ ስለሆነ እንግዳ ነገር ሆኖበት መሰለኝ። ስመለስ ወንድምና እህት ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"አባባ ሌላስ ምን አለ?" ትለዋለች።

"ሌላ ምንም። ታውቂው የለ እንዴ ሰውየውን? በዓመት ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ከአፉ አይወጣም ነበር።"

"እንግዲያው" አለች አልዳ፣ "አንዷ ስለ እኔ ነበረች።"