የጳጳሱ እጅጌ

ሆላንድ አገር፣ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ በአንድ ላውንደሪ፣ እዚህ ስቶመሬይ በምንለው፣ ልብስ እተኩሳለሁ። በመተኮስ ማንም አይደርስብኝም፤ ይህን ስል አላፍርም። ያን ሰሞን ግን ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር አለቃዬ ሲያስነጥስ እንኳ እደነግጥ ነበር።

አንድ ጠዋት የታጠበ ልብስ አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው። አንዱ እጅጌ የሌለው ቀይ ካባ ነው፤ ሌላው ስስ ነጭ ረጅም ቀሚስ። የነጩ እጅጌ ጉድ ነው! ከረጢት ያህል ይነፋና አንጓው ላይ ሽንሽን ብሎ በቀይ ጥብጣብ ይታሰራል።

"የአንግሊካን ጳጳስ ልብስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዘ ሄግ ይፈለጋል" አለኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ልብሰ ተክህኖ ካህን ካልሆነ አይነካውም፤ የሴት እጅማ አይታሰብም።

"ይቅርታ፣ ይሄን አልነካም" አልኩት።

"የእነሱን እምነት ተጠይፈሽ ነው?"

"ኧረ በስመ አብ! ፈርቼ ነው እንጂ።"

"እንግዲያው ስለ ኮንትራትሽ እንነጋገራለን" አለና ራሱ ተኮሰው። ሽንሽኑን ጨፍልቆ ቂጣ አደረገው።

ቀትር ላይ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሴትዮ ደረሰኝ ይዘው ገቡ። የጳጳሱ ሚስት መሰሉኝ። ነጩን ቀሚስ ግን ራሳቸው አጥልቀውት መስታወት ፊት ቆሙ።

"ጳጳሱ እርስዎ ነዎት እንዴ?" አመለጠኝ።

"እኔው ነኝ" አሉ፣ የተጨፈለቀውን እጅጌ እያዩ። "ይሄ ግን ለሰዓቱ ይደርስ ይሆን?"

አለቃዬ አየኝ። እኔ ሴትዮዋን አየሁ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ፍርሃቱም ነበረ፣ ሥራዬም ነበረ፤ ያን የተበላሸ ሽንሽን ማየቱ ግን ከሁሉም ባሰብኝ።

"ያውልቁት" አልኩ።

ውሃ ረጭቼ ሽንሽኑን አንድ በአንድ በጣቴ አነሳሁ። መልሰው ሲለብሱት ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጥብጣቡን ብቻቸውን ማሰር አይችሉም። አሰርኩላቸው።

"ቤት ውስጥ ባለቤቴ ነው የሚያስርልኝ" ብለው ሳቁ።

ኮንትራቴ ታደሰ። እኔን የከነከነኝ ግን ኃጢአቱ ነበርና ቅዳሜ አገር ቤት እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ስትጠርግ የኖረች፣ ልብሰ ተክህኖ ግን አንድ ቀን ነክታ የማታውቅ ናት። ሁሉንም ነገርኳትና ቁጣዋን ጠበቅሁ።

እሷ ግን ቀስ ብላ "ልጄ፣ የጳጳስ ልብስ ሲይዙት ይከብዳል?" አለችኝ።