ጫፏ የተበላችው ዌጅ

ሰውየውን ጎልፍ ክለቡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም «ጋሽ ምናልባት» ይለዋል። ዛሬ ይዘንባል ወይ ሲሉት «ምናልባት»፤ አዲሱ አሰልጣኝ እንዴት ነው፣ ጥሩ ሰው ነው ሲሉት «ምናልባት»፤ ሚስትህ ደኅና ናት ወይ ሲሉት እንኳ ትንሽ አሰብ አድርጎ «ምናልባት»። ሚስቱ ይህን የሰማች ቀን «አብሬው ማደሬንም ይጠራጠራል ማለት ነው» ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው በእሱ ዘንድ ከሊቅ ሁሉ የበለጠ ሊቅ ነበር።

በወጣትነቱ የጎልፍ ተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክሞ ሜዳውን ሲዞር ኖሯል። ጉልበቱ እምቢ ሲለው የዱላ ክፍሉን ሰጡት። ክፍሉ ከምግብ አዳራሹ ሥር ያለች ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳው ሁሉ የእንጨት መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ የውሃ ገንዳ፣ ከገንዳው በላይ ደግሞ ወደ መለማመጃው ሣር የምታይ አንዲት መስኮት። ተጫዋቾች ቦርሳቸውን እዚያ ያሳድራሉ፤ እሱ ዱላቸውን ያጥባል፣ ያደርቃል፣ የላላ መያዣ ይቀይራል።

ከዱላ ሁሉ የሚወደው ዌጅ የሚሏትን ነው። አጭር ናት፤ ፊቷ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ኳሷን ከፍ አድርጋ ለስለስ ባለ አወራረድ ቀዳዳው አጠገብ የምታሳርፍ እሷ ናት። «ሌላው ዱላ ጉልበት ነው፣ ይቺ ጨዋነት ናት» ይላል። ሲያጥባት ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ያዘጋጃል፤ የፈላ አይወድም። እስከ አንገቷም አይነክራትም፣ ጭንቅላቷን ከዘንጉ ጋር የያዘው ሙጫ እንዳይለቅ። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፊቷ ላይ የተፈለፈሉትን ቀጫጭን ቦዮች አንድ በአንድ ይፍቃቸዋል። ቦዩ ጭቃና ሣር ከያዘ ኳሷ ፊቷ ላይ ትንሸራተታለች፤ ወርዳ መቆም ሲገባት እንደተባረረች ትሮጣለች። በሽቦ ብሩሽ የሚፍቅ ሰው ካየ ደግሞ የገዛ ጥርሱን የፋቁት ያህል ይሰቀጥጠዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ እምነት ነበረው። የዌጅ ፊት የባለቤቱን ጠባይ ይናገራል ይላል። ቸኩሎ የሚመታ ሰው ዱላ ፊቱ ሁሉ ፈንጣጣ እንደወጣበት ነው። የጥሩ ተጫዋች ግን አንድ ቦታ ብቻ፣ የሳንቲም ያህል፣ ለስልሶ ያብለጨልጫል። በክለቡ ውስጥ ከሁሉ የጠራ ሳንቲም የነበራት ሐኪሟ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትቀድና ስትሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ምራቋን የዋጠች ሴት። የሷ ዌጅ ፊት መከላከያ ቅብ የሌለው፣ ካልተጠነቀቁለት የሚዝግ ብረት ስለሆነ፣ ጋሽ ምናልባት በየጊዜው ዘይት በነካ ጨርቅ ያብሰዋል።

ዝናቡ ሲጀምር ሐኪሟ ቦርሳዋን አስቀምጣ «ልጄ ዘንድ ሄጄ ልቆይ ነው» ብላ ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ ዝር አላለችም።

አንድ ጠዋት ዌጇን ዘይት ሊቀባ ከቦርሳዋ መዘዛት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሲያያት ክው አለ። ሳንቲሟ እንዳለች ናት፤ ነገር ግን ወደ ጫፏ፣ ማንም ጥሩ ተጫዋች ኳስ በማያስነካበት ቦታ፣ አዲስ ጭረት ተጭሯል። ቦዮቿም እዚያ ጋ መበላት ጀምረዋል። ከአንዱ ቦይ ውስጥ በጥፍሩ ጫፍ አንዲት የሣር ቅንጣት አወጣ። ሣሯ እርጥብ ናት።

«የሰው እጅ ገብቶባታል» አለ ብቻውን። «ያውም የማይረባ እጅ።»

መጀመሪያ የጠረጠረው አዲሱን አሰልጣኝ ነው። ሰውየው ሲበዛ ትሑት ነው፤ ላገኘው ሁሉ አንገቱን ይሰብራል። ጋሽ ምናልባት ትሕትና የበዛበት ሰው አይወድም። አንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ሲሰልለው ዋለ። ወዲያው ግን ወሽመጡ ቁርጥ አለ፤ አሰልጣኙ ግራኝ ነው። በቀኝ ዱላ አሥር ዓመት ቢታገል እንዲህ ያለ ጭረት አይወጣለትም።

ታዲያ ማን ቀረ? የክፍሉ ቁልፍ ያለው እሱና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው የሜዳውን ሣር የሚንከባከበው ነው፤ የውሃ ማጠጫው መዘውር ክፍሉ ውስጥ ስላለ ንጋት ላይ እየከፈተ ይገባል። እሱ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነው።

ግን አልተወውም። ሰማያዊ ማርከር ገዝቶ የዌጇን ፊት ከጫፍ እስከ ተረከዝ ቀባና መለሳት። በነጋታው ሲያያት ቀለሙ ከመሃል ፍንክች አላለም፤ ጫፏ ጋ ግን ተፈግፍጎ ብረቱ ብቅ ብሏል።

ቅዳሜ አማቹ እንደ ልማዱ ለራት መጣ። ሚስትየው ገበታውን አቅርባ ተቀመጠች። ጋሽ ምናልባት የጎረሰውን ሳይውጥ የአማቹን እጅ እያየ ነገር ጀመረ።

«አንዳንድ ሰው አለ፣ የሰው ዕቃ ሲያይ እጁን ይበላዋል።»

አማቹ ቀና አለ። «ምን ለማለት ነው ጋሼ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ንጋት ላይ ሜዳው እንዴት ነው? ማንም የለም?»

አማቹ እጁን ከገበታው ሰበሰበ። ከዚያ «ያልገባህን ነገር ተወው፣ ጋሼ» አለና ውሃውን ጠጥቶ ተነሣ። አለመቆጣቱን ጋሽ ምናልባት ለራሱ ተረጎመው። ንጹሕ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ ይምል ነበር አለ በልቡ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ሌባ የሚል ቃል ከአፉ አላወጣም። «የዶክተር ዱላ እየተነካ ነው፤ ቁልፍ ያለን ሁለት ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ» አለ ብቻ። ሥራ አስኪያጁ አማቹን አስጠርቶ ቁልፉን ተቀበለው። አማቹ አልተከራከረም። ሲወጣ ግን በር ላይ ቆሞ የእህቱን ባል ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ሰው የታመመ ከብት እንደሚያይ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

«ወንድሜን ሌባ አልከው?» አለች ሚስቱ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

«ሌባ አላልኩም። ቁልፍ አለው ነው ያልኩት።»

«ያው አይደለም እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ እግዜርም ቢሆን ገነትን ሲያስጎበኝህ ከመጋረጃው ጀርባ ምን አለ ማለትህ አይቀርም!» አለችና ፊቷን አዞረች። ያን ምሽት እራቱ ሳይሞቅ ቀረበለት።

በነጋታው ከወፍ ጋር ተነሥቶ ወደ ክለቡ ሄደ። የሄደበትን ምክንያት ለራሱም አልነገረውም። ምናልባት ዌጇ ሳትነካ ማደሯን አይቶ ልቡ እንዲያርፍ ነበር። ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል። ወደ ክፍሉ ሲቀርብ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እጀታውን ሲነቀንቅ አየ።

«ማነህ! እንዳትንቀሳቀስ!»

ሰውየው ዘወር ሲል ወንድ ሳይሆን ሴት ሆነ፤ ሐኪሟ ናት።

«አስደነገጥከኝ» አለች። «አማችህ የት ሄደ? እሱ ነበር የሚከፍትልኝ።»

ጋሽ ምናልባት ወደ እሷ ቀረበ። «ዶክተር... ልጅዎ ዘንድ አልነበሩም እንዴ?»

«የትም አልሄድኩም።» ቀኝ እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር። ጥቂት አመነታችና አወጣችው። ጣቶቿ ነፋስ እንዳገኘው ቅጠል ይንቀጠቀጣሉ። «ይኸውልህ። ስንት ሰው የዳነበት እጅ ነው። ዛሬ ብርጭቆ አይዝም።»

ቁልፉን አውጥቶ ከፈተላት። ዌጇን ይዛ ወደ መለማመጃው ወጣች፤ እሱም ተከተላት። ኳስ አስቀምጣ መጀመሪያ በድሮ አመታቷ ሞከረች። ዱላዋ ኳሷ ዘንድ ልትደርስ ስትል የእጇ አንጓ በድንገት ተወራጨ፤ ዌጇ ኳሷን በስለቷ ገጨቻትና ኳሷ ሣሩን አቋርጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

«አየህ? ወይ እንዲህ ነው፣ ወይ ከኳሷ ኋላ መሬት እቆፍራለሁ። አሁን ይኼንን እይ።»

ወደ ኳሷ በጣም ተጠጋች። ዘንጉን ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ የዌጇ ተረከዝ ከመሬት ተነሥቶ ጫፏ ብቻ ሣሩን ነካ። አንጓዋን እንደታሰረ ነገር ዝም አሰኝታ፣ በትከሻዋ ብቻ፣ ልክ ቤት እንደሚጠርግ ሰው ወዘወዘችው። ድምፁ እንኳ ለዘብ ያለ ነበር። ኳሷ ትንሽ ዘለል ብላ ወረደችና እየተንከባለለች ቀዳዳው አጠገብ ቆመች። «ጫፏ ላይ ስትመታ ኳሷ ጉልበት አታገኝም። እጄ ቢንቀጠቀጥም አደጋው ትንሽ ነው። ተረከዟም ስለተነሣ ሣር አይዛትም። ሰው ሳያየኝ እስክለምደው ብዬ አማችህን ለመንኩት፤ ለማንም አልናገርም ብሎ ማለልኝ።»

ጋሽ ምናልባት ዌጇን ተቀብሎ ጫፏን በአውራ ጣቱ ዳበሳት። ብረቷ አልዋሸችም፤ አንዲት ሴት እጇ ሲከዳት ያገኘችው መላ እዚያ ተጽፎ ነበር። እሱ ግን ያነበበው የራሱን ልብ ነው።

ያንኑ ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። «ተሳስቻለሁ። አማቼ ምንም አላጠፋም» አለ።

«ታዲያ ማን ነው ጋሼ?»

«እሱን መናገር አልችልም።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ትኩር ብሎ አየው። ጋሽ ምናልባት ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ከፊቱ ሆኖ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነበር።

ቁልፉን ለአማቹ ሊመልሱለት ሲሞክሩ እሱ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «አልፈልግም። መዘውሩን ሲያስፈልገኝ አንኳኩቼ አስከፍታለሁ» አለ። ስለዚህ ለሐኪሟ ንጋት ላይ በር መክፈት በጋሽ ምናልባት ጉልበት ላይ ወደቀ። በጉምና በብርድ ማልዶ ይመጣል፤ ሐኪሟ ስትለማመድ በመስኮቱ ሆኖ ሰው እንዳይመጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ዌጇን አጥቦ ቦታዋ ይመልሳል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አሰልጣኙ በንጋት መብራት በርቶ አይቶ ነበርና «ሰውየው በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል?» አለ። የምግብ አዳራሹ አስተናጋጅ «አማቹን ያስወነጀለው ለብቻው ሊሰርቅ ነዋ» አለ። ሥራ አስኪያጁም አንድ ቀን ሳይጠራ መጣና መደርደሪያውን ሁሉ እየዳሰሰ ዱላ ቆጠረ። ጋሽ ምናልባት ብሩሹን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። አንድ ቃል ቢናገር ይገላገል ነበር፤ አልተናገረም። ያን ቀን እቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ወንድምሽ እንዲህ ነው የዋለው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ያን ምሽት እራቱን አሙቃ አቀረበችለት።

ወሬውን ለሐኪሟ ማን እንዳደረሳት አልታወቀም። እሑድ፣ ክለቡ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ኮፍያዋን አድርጋ መጣች። ዌጇን ራሷ መዝዛ ወደ መለማመጃው ሄደች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ። የዌጇን ተረከዝ አንሥታ ስትቆም አንዱ ከኋላ «ዶክተር፣ ዱላዎ ቀጥ ብሎ ቀረ እኮ!» ብሎ ሳቀ።

«እጄ አልቆም ቢለኝ ዱላዬን አቆምኩት» አለች ሳትዞር። «ሁለት ሰዎች ንጋት ላይ በር ሲከፍቱልኝ ነበር። ስለ ሁለቱም የሚወራውን ሰምቻለሁ። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

መታች፤ ኳሷ ከቀዳዳው ትንሽ አልፋ ቆመች። ሁለተኛዋ አጠረች። ሦስተኛዋን ስትመታ የሳቀው ሰውዬ ጠጋ ብሎ አያያዟን ያይ ጀመር።

ማታውን ጋሽ ምናልባት የሣር ማጨጃው ቤት ሄደ። አማቹ ተንበርክኮ የማጨጃውን ስለት ይሞርዳል።

«በድዬሃለሁ» አለው። «ጠይቄህም አልነበረም፤ ፈርጄብህ ነው የጠየቅኩህ።»

አማቹ ሞረዱን አላቆመም። «ቁልፉ አልቆጨኝም፣ ጋሼ። ገበታ ላይ እጄን ያየህበት ዓይን ነው የቆጨኝ። እዚያ ቤት ስበላ አድጌያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«በል ሂድ አሁን። እመጣለሁ።»

ቶሎ አልመጣም። ዝናቡ አልቆ ሣሩ ሲጠና ነው የመጣው፤ ከራት በፊትም ወደ ዱላ ክፍሉ ጎራ አለ። «ያን የዶክተሯን አመታት አሳየኝ እስቲ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሣሩን ሲያጭድ ኖሮ ኳስ መትቶ አያውቅም ነበር። ጋሽ ምናልባት የራሱን አሮጌ ዌጅ ሰጠውና አብረው ወጡ። ዘንጉን አስቆመው፣ ተረከዙን አስነሣው፣ «በትከሻህ ብቻ» አለው። አማቹ ግን ዕቃ ሲይዝ የለመደው ጉልበት ነው። ወደ ኋላ ሰብስቦ ሲለቀው ዌጇ መሬት ውስጥ ገባች፤ የጫማ ሶል የሚያህል ሣር ተቦጭቆ ሄደ፤ ኳሷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

አማቹ ደርቆ ቀረ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ሰማይና ምድሩን ያገናኝበት ነበር። ዘወር ዘወር ብሎ አየ፣ ተንበረከከ፣ የተቦጨቀውን ሣር አምጥቶ ቦታው ላይ ለጠፈና በመዳፉ ደጋግሞ ተጫነው።

«አየህ እንዴ?» አለ ቀና ሳይል።

«ምኑን?» አለ ጋሽ ምናልባት፣ ወደ ሰማይ እያየ። «እኔ ምንም አላየሁም።»