እማየ በፀሐይ ያየቻት ኩላሊቴ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ጠፋሁ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ እለፉኝ። ይሄን ነገር የማልረሳው ግን፣ ሰው በሞላለት ነገር ሲኮራ እኔ በጎደለኝ ስለኮራሁ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አያ ሙጨ አዲስ አበባ ወታደር ነው። ኩላሊቱን ታመመ። ሁለቱም ሥራ እያቆሙ ነው ተባለ። መንግሥት ውጭ አገር ልኮ ሊያሳክመው ፈቀደ፤ ግን ከሥጋ ዘመዱ አንድ ኩላሊት የሚሰጠው ሰው አብሮት መሄድ አለበት። ካልተገኘ ወንድማችን መሞቱ ነው።

ወሬው እስቴ ሲደርስ እማየ ደረቷን መታች። እህቴ እትየ አለምነሽ «እኔ እሰጠዋለሁ» አለች። ባሏ አያ ፈንቴ ብድግ አለ።

«የልጆች እናት ነሽ እኮ! ሰው ግማሽ ሁኖ ይኖራል እንዴ?»

እማየም «አንዱን አድናለሁ ብየ ሌላዋን አልቀብርም» አለች።

እኔ ምን ቸገረኝ! ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ገና ጨዋታ ላይ ከኔ ዱላ ኳሷን፣ ሩሯን፣ የሚነጥቅ ሰው አልተወለደም። «እኔ እያለሁ ሴት ትጠየቃለች? የኔ ኩላሊት ለወንድሜ ቀርቶ ለአለቃው ለሻለቃውም ይተርፋል!» ብየ ፎከርሁ። እማየ እያለቀሰች መረቀችኝ። ጎረቤቱ ጠላ ጠምቆ ሸኘኝ። እትየ አለምነሽም በሽተኛውን ላስታምም ብላ አብራኝ ሄደች።

ሆስፒታሉ ስንደርስ የአያ ሙጨ ፊት ከማበጡ የተነሣ ዓይኑ አይታይም። እኔን ሲያይ ግን ሳቀ።

«አንተን ነው የላኩልኝ? ኩላሊትህ ሆዴ ገብቶ ሲለፈልፍ ሊያድር ነው!»

«ምን አለብህ አያ፣ ሳትደክም ትፎክርበታለህ» አልሁት።

ደማችን ገጠመ። ቀጥሎ ራጅ ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ያስተረጉምለታል። ድሬሰሩ «ኩላሊትህ በደንብ መሥራቱን ማየት አለብን። ማታ ይሄን የጉሎ ዘይት ጠጣ፤ ከዚያ በኋላ እህል ውሃ የለም» አለኝ።

«እኔ በኮሶ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዘይት ለኔ ቅምሻ ነው» አልሁት። ሌሊቱን የት እንዳደርሁ ግን አትጠይቁኝ።

ጧት በክንዴ መድኃኒት ወጉኝ። ሰውነቴን እንደ አረቄ ሞቅ አደረገኝ። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ኩላሊት ይገባል፤ ኩላሊቱ የሚሠራ ከሆነ አጣርቶ ሲያወርደው ራጁ ላይ ነጭ ሁኖ ይታያል። አነሡኝ፣ ወጡ፣ ተመለሱ፣ ደግመው አነሡኝ። እኔ ቁመናየን ወደውት ነው ብየ ተኮፈስሁ።

በኋላ ድሬሰሩ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ባንዱ ጎን ባቄላ የመሰለ ትልቅ ነጭ ነገር አለ። ሌላው ጎን ባዶ ነው።

«ወንድሜ፣ ስትፈጠር ጀምሮ ባለ አንድ ኩላሊት ነህ። የሁለቱን ሥራ ብቻዋን ስለሠራች ወፍራለች፤ ጤነኛም ናት። ለሰው ግን አትሰጣትም» አለኝ።

ያ ሁሉ ፉከራ! ያ ሁሉ ጠላ! አያ ሙጨ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

እትየ አለምነሽ ግን ፎቶውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ተነሥ! ያለ እማየ ምርቃት፣ ያለ ባሌ ፈቃድ ሰውነቴን ቢላ አላስነካም። ሰው ባንድ ኩላሊት አይኖርም ያሉት እነሱ አይደሉ? ሂድና ራስህን አሳያቸው!»

ፎቶውን በጋቢየ ጠቅልየ እስቴ ገባሁ። ደጅ አወጣኋቸውና ወደ ፀሐይ ዘርግቼ አሳየኋቸው። እማየ አተኩራ አየች።

«ሁለተኛዋስ?»

«የለችም።»

«ሰረቁህ! ልጄን አጉድለው ላኩት!» ብላ ጮኸች። ሸሚዜን ገልባ ጎኔንም ጀርባየንም ዳበሰች። አያ ፈንቴ በገና ዱላ ካሳረፈብኝ በቀር ምንም ጠባሳ የለም።

«እማየ፣ ሌባዋማ አንች ነሽ። ስትወልጅኝ ነው ያጎደልሽኝ» አልኋት።

አያ ፈንቴ ፎቶውን ተቀበለኝ። ፎቶውን ያያል፣ እኔን ያያል።

«ቆይ! አምና በገና ጥርሴን ያወለቅኸው በዚች ብቻ ነው?»

«በሷ ብቻ።»

«ያን የዋርካ ግንድ ከቆላ ተሸክመህ የወጣኸውስ?»

«በሷው!»

በወለቀው ጥርሱ ቦታ ምላሱን አዞረ። ከዚያ «ይሄ ዱርየ እንዲህ ከሆነ፣ አለምነሽን ምን ይነካታል?» አለ። እማየ ፎቶውን እንደ ሥዕለ ማርያም ሳመችውና «ትሂድ» አለች።

ምርቃቱንና ፈቃዱን ይዤ ስመለስ እትየም ራጅ ተነሣች፤ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ታዩ። ውጭ አገር ሄዱ፣ አንዷን ሰጠችው። ዘንድሮ ፋሲካን አያ ሙጨ እስቴ አብሮን ዋለ፤ ፊቱ ፊት ሁኗል። እትየ አጨዳ ላይ ዛሬም ባሏን ወደ ኋላ ጥላው ትሄዳለች።

ሐኪሙ «ያችን አንዷን ጠብቃት፣ ዱላ ካለበት አትድረስ» ስላለኝ ገናን ትቻለሁ። በዚህ የተደሰተው አያ ፈንቴ ነው፤ የቀሩት ጥርሶቹ ተረፉለት።

ፎቶዋ ምሰሶው ላይ ተሰቅላለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማየ ደጅ አውጥታ ለፀሐይ ታሳያለች። አገሩ የሚያወራው ስለ እትየ ነው፤ ይገባታል። እኔ ግን ሳልሰጥ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ባንዷ ይሄን ከሠራሁ፣ እግዜር ሁለት ቢሰጠኝ ኑሮ እስቴ አትበቃኝም ነበር።