ስኳር አይንካው

አባቴ ሻይ አይወዱም ነበር። "ሻይ የሾፌር መጠጥ ነው" ይሉ ነበር። የሳቸው ነገር ቡና ነው፣ እሱም እንደ አገራችን ወግ በጨው። እኛ መንዝ ስኳር የእንግዳና የዓመት በዓል ነገር ነበር፤ ቡና ሲቀዳ እናቴ ቁንጥር ጨው ጣል አድርጋበት ነው የምታቀርበው። አባቴን ሻይ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ይኼን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

ያን ጊዜ ሞላሌ አስተማሪ ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ዐሥር ዓመት አልፎት፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ መሠራት የጀመረበት ሰሞን ነው። የወላጆቼ ቤት ከሞላሌ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ይሆናል፤ ደጋ ነው፣ ከገብስና ከበግ በቀር ሌላ አያበቅልም አያረባም፣ ንፋሱ በርኖስ ዘልቆ ይገባል።

አንድ የገበያ ቀን አባቴ በግ ሊሸጡ ወርደው ራሳቸውን አዞራቸውና ገበያው መሀል ቁጭ አሉ። ሰዎች ደግፈው አመጡልኝ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሱ ክንዳቸውን ጠቅልሎ ለካ፣ እንደገና ለካ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"ደም ብዛት አለባቸው። ክኒኑን በየቀኑ ይዋጡ፣ ቡና ይቅርባቸው፣ ወጡም ያለ ጨው ይሠራላቸው።"

"ቡና ይቅር? ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?" አሉት አባቴ።

ነርሱ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ለወላጆቼ አንድ ነኝ፤ ወንድም የለኝ፣ እኅት የለኝ። በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ቢኖር የአባቴን ሞት ነበር። ያን ቀን ከጤና ጣቢያው ስንወጣ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አባቴ በደም ብዛት አይሞቱም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ወይ ድፍረት!

እኔ እንደሁ ከልጅነቴ አዛዥ ነኝ። እናቴ "አንቺ ወንድ ሆነሽ ቢሆን ጭቃ ሹም ነበርሽ" ትለኛለች። በዚያው ሰሞን የመምህራን ክፍሉ ሬዲዮ ስለ ጤና ሲያወራ ሰማሁ። ሻይ ስኳር ሳይበዛበት ከተጠጣ ለልብ ደግ ነው፣ የደም ሥርን ለማፍታታት ሊረዳ ይችላል አለ ሰውየው። እኔ "ሊረዳ ይችላል" ያለውን እዚያው ትቼ የቀረውን ይዤ ሮጥኩ። ሻይ ቅጠልና አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዝቼ ቅዳሜ በጠዋት አገር ቤት ወጣሁ።

"አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ስኒ ይጠጣሉ። የልብ መድኃኒት ነው።" ወደ እናቴም ዞርኩና ጣቴን ቀስሬ "አንቺም ስሚ፤ ስኳር አይንካው!" አልኳት።

"ባዶውን?" አለች እናቴ።

"ስኳር አይንካው አልኩ እኮ!"

አባቴ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ተያት፣ እንጠጣዋለን" ብለው ሳቁብኝ።

ጠጡትም። መጀመሪያ ለኔ ሲሉ ነው፤ ኋላ ግን እውነት ወደዱት። ስኒውን ሲቀበሉ እንደ ጠበል ያማትባሉ። ጎረቤት ሲመጣ "ይኼ ልጄ ከሞላሌ የላከችልኝ የልብ መድኃኒት ነው" እያሉ ይኩራራሉ። በሁዳዴ እንኳ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘው መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። እኔ ስሄድ እናቴ ለኔ ለብቻዬ በስኳር ትቀዳልኛለች፣ "አንቺ እንግዳ ነሽ" እያለች። ከወጡ ቀምሼ ጨው እንደሌለው አይቼ፣ የስኳሩን ቆርቆሮ ከፍቼ እንዳልጎደለ አይቼ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። የእናቴ አልጫ ያለ ጨው አፍ ላይ አይባልም ነበር።

"ወጡስ ወጥ አይደለም፤ እኔን ያቆመኝ ሻይሽ ነው" ይሉኛል አባቴ።

ክኒናቸውን አንድ ቀን አላጓደሉም። በየወሩ ለምርመራ ሲወርዱ ግን ግፊቱ አልወርድ አለ። አንድ ጊዜ እናቴም አብራ መጥታ ነበርና ነርሱ "እናቴ፣ ጨው ትጨምሪበታለሽ እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። እናቴ ደሟ ፈላ።

"በማርያም! ወጤን ጨው ከነካው ዓመት አለፈው!"

እውነቷን ነው፤ ወጧን እኔም ቀምሻለሁ። ያን ጊዜ በነርሱ ላይ የተናገርኩት ዛሬም ያሳፍረኛል። "አንተ መለኪያህን አሳይ፤ እናቴ በሐሰት አትምልም!" አልኩት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ በደጅ አባቴን አቁሜ "አባዬ፣ ሻዩ አንሶዎት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አራት ያድርጉት" አልኳቸው።

አራት አደረጉት።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ጠሩኝ። አባቴን በቃሬዛ አውርደዋቸዋል። ቀኝ ጎናቸው በድን ሆኗል፣ አፋቸው ተጣሟል፣ ምላሳቸው ተይዟል። ዓይናቸው ግን ያው የአባቴ ዓይን ነው፤ ሳያቸው ያየኛል። ጤና ጣቢያ ተኝተው በሦስተኛው ቀን ትንሽ ነቃ አሉና ስኒ የሚይዙ ያህል ግራ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሻያቸውን ነው! ነርሱ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ስጫቸው ቢለኝ ሮጬ ከሻይ ቤት ባዶ ሻይ አመጣሁ። አንድ ማንኪያ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ሁለተኛውን በእጃቸው ገፉት። ከዚያ የግራ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ገጥመው ስኒው ላይ አፍተለተሉ፤ ደጋግመው፣ እያዩኝ፣ መረዳት ሲያቅተኝ እየተቆጡ።

ሊያማትቡ መሰለኝ። ቄስ አስጠራሁ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ጸሎት አደረጉላቸው፣ መስቀል አሳለሟቸው፤ አባቴ ግን ቄሱን ትተው እኔን ነበር የሚያዩት። በማግሥቱ ዐረፉ። ያ አስተያየታቸው አልለቅ አለኝ። ምን ጠይቀውኝ ነው የከለከልኳቸው እያልኩ፣ ሙሾው ሁሉ ጆሮዬ አልገባም።

ሰልስቱ ወጥቶ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ቤቱ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። ረፋድ ላይ ነው። እህል አልቀምስ ብዬ ተኮራምቼ ስቀመጥ እናቴ "ቆይ፣ የአባትሽን ሻይ ላፍላልሽ" አለች። ማንቆርቆሪያውን ጣደች። በሳቸው ስኒ ቀዳችው። ከዚያ ከጎኗ ወዳለው ቅል እጇን ሰደደችና ሦስት ጣቶቿን ገጥማ ስኒው ላይ አፍተለተለች።

ጨው ነው።

ያ ነበር የጠየቁኝ። አባቴ ማማተባቸው አልነበረም፤ ልጄ፣ ሻዬን እንደ ልማዴ አድርጊልኝ ማለታቸው ነበር። ጨው ብቻውን ገደላቸው እንደማይባል፣ ዕድሜም እንዳለ፣ ግፊቱም ብዙ ዘመን ተደብቆ የኖረ ሳይሆን እንደማይቀር በኋላ የነገረኝ ያው የተሳደብኩት ነርስ ነው፣ ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ። ያን ረፋድ ግን እንዲህ የሚለኝ ሰው አልነበረም። በቀን አራት ስኒ። እኔው ነኝ አራት ያልኩት።

"አንቺ ስኳር አይንካው ስትዪኝ ጨንቆኝ ነበር" አለች እናቴ ስኒውን እያቀበለችኝ። "እንደ ኮሶ የሚመር ነገር እንዴት አድርጌ ለባሌ ላቅርብ? ኋላ እንደ ቡናው ጨው ጣል ባደርግበት ደስ አላቸው። ወጡንማ ነፍሴ ትውጣ፣ አንዲት ፍሬ አላስነካሁትም። ያለዚህ ሻይ አምና ነበር የሚሞቱብኝ። አንቺ ነሽ ያቆየሽልኝ፣ ልጄ።"

ቀመስኩት። እንባዬ መጣ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እናቴ ጥቁር ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች ፊቴን ፊቴን ታያለች። ከባሏ የቀራት አንድ ደስታ ያ ሻይ ነው፤ እሱን ቀምቼ ምን ልሰጣት?

"ምነው? ጨው አነሰው?" አለችኝ።

"የለም እማዬ፣ ልክ ነው" አልኳትና እስከ አተላው ጠጣሁት።