የጋሼ ሐብታሙ ሟርትና የጸዳለ ኩሬ

ጋሼ ሐብታሙ ከአገር ወጥተው ፊንስበሪ ፓርክ ሰፈር ከገቡ ጀምሮ የሚወዱት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ «አይሠራም» ማለት። አውቶቡስ ከመንዳት ጡረታ ወጥተዋል፤ ከሟርት ግን ጡረታ የለም። ከማኅበራችን አንዱ ሱቅ ልክፈት ካለ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይፈርዱበታል። ከዚያ ደንበኛውን ሁሉ «አትድከሙ፣ ሊዘጋ ነው» እያሉ ይመልሱበታል። ሲዘጋ «አላልኳችሁም?» ይላሉ። እንዲህ ከሆነማ ነቢይነት ማንን ያቅታል!

አምና ሟርታቸው ጸዳለ ላይ አረፈ። ጸዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሃክኒ ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ለዓመታት ወረፋ ጠብቃ አሎትመንት አገኘች፤ ጎመንና ድንች የምትተክልባት ቁራሽ መሬት። መሬቷ ላይ ያለችውን ኩሬ ግን አዞላ የሚባል ተንሳፋፊ አረም ወረራት። የአሎትመንቱ ኮሚቴ «እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልጸዳ መሬቱን እንወስዳለን» አላት። እንቅልፍ አጣች፤ በዚህ አገር የራሴ የምትለው አፈር ያ ብቻ ነበር።

ልጇ ዳናዊት ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ትማራለች። ያንን አረም ብቻ የሚበላ ትንሽ ጥቁር ነቀዝ ኦርደር አድርጋ ኩሬው ላይ ለቀቀችው።

«ነቀዝ በፖስታ!» አሉ ጋሼ ሐብታሙ በማኅበሩ ምሳ ላይ። «ጎተራችንን ስንት ዘመን የፈጀው ጉድ መድኃኒት ሆነ? አይሠራም።»

«ጋሼ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ» አለች ዳናዊት። «ዌዘሩ ከሞቀና አረሙን ማንም ካልነካው ይሠራል። ነቀዙ የሚራባው እዚያው አረሙ ላይ ነው። ፕሊስ፣ እንዳትነኩት።»

«ጣና ላይ እምቦጩን በምን ነቀሉት? በእጅ፣ በደቦ!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉና፣ ጸዳለ ሥራ ላይ በነበረችበት ቅዳሜ ማኅበርተኛውን ለደቦ ጠሩ። ደቦ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ የልጅቷን ቃል ያስታወሰ የለም። ባልዲና የፓስታ ማጥለያ ይዘው፣ ሆ እያሉ፣ አረሙን ከነነቀዙ አፍሰው በጎረቤቷ በሲላስ አጥር ሥር ከመሩት። ሲላስ የጃማይካ ሽማግሌ ነው፤ የእሱም ኩሬ በዚያው አረም ተሸፍኖ ነበር። ምሳ ተበላ፣ ፎቶ ተነሡ። ጸዳለ መጥታ ውሃው ሲያንጸባርቅ ብታይ በደስታ አለቀሰች። ዳናዊት ግን ፊቷን በእጇ ሸፍና ቁጭ አለች።

ደቦው የተወው ጥቂት ቅጠል፣ የሚበላው ነቀዝ ስለሌለ፣ በሁለት ሳምንት ኩሬውን መልሶ አለበሰው። ሁለተኛ ደቦ ሲጠራ አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው ሺፍት አለኝ አለ። ፎቶ ላይ ፈገግ ያለው ሁሉ ስልኩን አጠፋ። ጸዳለ ከሥራ በኋላ ብቻዋን ትጨልፋለች፤ አረሙ ግን ይቀድማታል።

ነሐሴ መጨረሻ ኮሚቴው መጣ። ጸዳለ ቁልፏን አስረከበች።

ጋሼ ሐብታሙ ሊያጽናኑ መጡ። «አላልኩሽም? ነቀዝ አይሠራም።»

ጸዳለ ክንዳቸውን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደቻቸው። ማዶ የሲላስ ኩሬ ጠርቶ ሰማይ ይታይበታል። ከክምሩ የተሻገረው ነቀዝ አረሙን በልቶ ጨርሶታል።

ጋሼ ሐብታሙ አዩ፣ አዩና «የእሱስ እንዴት ሠራ?» አሉ።

«እሱማ ምን አለበት ጋሼ» አለች ጸዳለ፤ «እርስዎን የመሰለ ወዳጅ የለውም።»