ሰው የማያስፈልገው አልጋ

ሞጣ ውስጥ ወገቡን የተያዘ ሰው የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ አይጠየቅም፤ የይርገዱን ነው። ይርገዱ መንታ ወልዳለች። መንታ የወለደች ሴት ተረከዝ ያረፈበት ወገብ ይላቀቃል፤ በቃ፣ አገሩ የሚያምነው እንዲህ ነው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ካለ ወገቡ በደንብ አላመመውም ማለት ነው።

በሽተኛው ቁርበት ላይ በሆዱ ይተኛል። ይርገዱ ያመጣውን ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ጀርባውን ታሸዋለች፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቀኝ ተረከዟን ታነሣለች። ግን ወዲያው አትረግጥም። የተኛው ሰው መጀመሪያ የመንታዎቹን ስም መጥራት አለበት። «የታዘበው እናት፣ የአየሁሽ እናት፣ እርገጪልኝ» ይላል። ባለርስቱም፣ ቄሱም፣ ችሎት ላይ ሰው የሚያስለቅሰው ዳኛም አፉን ቁርበቱ ላይ ደፍቶ እንዲሁ ይላታል። ዋጋ አትቀበልም፤ ከተቀበለች ተረከዟ ኃይሉን ያጣል ይባላል።

ታዘበውና አየሁሽ ከሞቱ ቆይተዋል። አፋቸውን ፈትተው፣ እርስ በርስ መደባደብ ጀምረው ሳለ ኩፍኝ ገባና በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ጠራርጎ ወሰዳቸው። አባታቸው በላቸው ሐዘኑን ቁጭ ብሎ መቻል አቃተውና በቅሎውን ጭኖ ደጀን ወረደ። እዚያ የመኪናው መንገድ ዳር ቤት ሠራ፣ ሌላ አገባ፣ ሌላ ወለደ። አይፈረድበትም ይላል የሞጣ ሰው። ይርገዱ ግን ትፈርድበታለች፤ ደግሞስ ማን ይከለክላታል?

ዘመዶቿ ቢቸና ናቸው። ለጥምቀት ሲመጡ እንኳ ሐዘኗን እንዳንቀሰቅስባት ብለው የልጆቹን ስም አያነሡም። ደግነታቸው ነው፤ እሷን የሚጨርሳት ግን ይኸው ደግነታቸው ነው። ብቻዋን ሆና ልትጠራቸው ስትሞክርም ልቅሶ ይቀድማታል። ስለዚህ በጠቅላላው አገር የታዘበውና የአየሁሽ ስም የሚሰማው የሰው ወገብ ሲታመም ብቻ ነበር። አንድ ሰው ጎብጦ፣ ዱላ ተመርኩዞ፣ እያቃሰተ ወደ ደጇ ሲመጣ ስታይ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ ይላታል።

የገዛ ወገቧስ? ወይ አበሳ! ጥጥ ስትፈትል ጎንበስ ብላ ስለምትውል የእሷ ከሁሉም የባሰ ነው። ጀርባ ክፉ ቦታ ነው፤ ሌላውን አካል ሰው ራሱ ያክከዋል፣ ራሱ ያሸዋል፣ ጀርባን ግን ምን ያደርገዋል? ቀድሞ ቢቸና ፋንታነሽ የምትባል፣ መንታ የወለደች የአክስቷ ልጅ ነበረች። ይርገዱ በዓመት በዓመት እየሄደች በእሷ ትረገጥ ነበር። ፋንታነሽ ስትሞት የይርገዱ ጀርባ ባለቤት አጣ። ድንጋይ አግላ በጨርቅ ጠቅልላ ተኛችበት፤ ቆዳዋን አቃጠላት እንጂ አጥንቷን አላሞቀውም። ጠርሙስ ከወገቧ ሥር አድርጋ ልትንከባለልበት ብትሞክር አምልጧት ምድጃው ውስጥ ገባ። የበሩ መቃን ላይ ተንጠልጥላ ለመሳሳብ ብትሞክር ደግሞ ጎረቤቷ አምሳለች አይታት እሪ ብላ ሰፈሩን ሰበሰበችው፤ ራሷን ልትሰቅል መስሏት ነው።

ድሬሰር ኃይለ ሚካኤል ሞጣ የመጣው ጎጃም በአዲሱ የእርሻ ግብር ነገር ታምሶ ከረጋ በኋላ ነው። የክሊኒኩ ሐኪም ረዳት፣ የሸዋ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ችኩል፣ ሰው ሲያቃስት መስማት የማይችል። ክሊኒኩ በወገብ በሽተኛ ተሞልቶ ቢያይ፣ ኪኒኑም ከማደንዘዝ ሌላ ጥቅም ባይሰጥ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹን ለምኖ የጀርባ ማሻ መሣሪያ አስመጣ። አንድ ሌላ ደግሞ በሠለጠነበት ሆስፒታል ባየው አምሳል በአናጢ አሠራ። ለማን ይሁን? የሞጣ ሰው ዞር ብሎም አላየለት። ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ነገሩት፤ ይርገዱ ትሞክረው፣ የእሷ ወገብም ታማሚ ነው፣ እሷ ይበጃል ካለች እንሞክረዋለን አሉት።

እሱም አልተቆጣም። ዕቃውን በአህያ ጭኖ መጣና ቤቷ ገብቶ ቁጭ አለ። ገበሬ ክሊኒክ እየተመላለሰ አይኖርም፣ እቤቱ ሆኖ የሚገለገልበት ነገር ነው የምፈልገው ሲል አስረዳት። «እትዬ ይርገዱ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት እንዳይዋሹ» አላት። «ያልረባውን አልረባም ይበሉኝ።»

እሺ አለችው። በሆዷ ግን ሁሉም እንዳይረባ እየተመኘች ነበር። እንዴት አትመኝ! እያንዳንዱ ቤት ጀርባ የሚያሽ ዕቃ ከገባ፣ ማን መጥቶ ቁርበቷ ላይ ይተኛል? ማን ስማቸውን ይጠራል?

የመጀመሪያው በሁለት እጀታ የሚያዝ፣ የእንጨት ዶቃ የተሰካበት ማሰሪያ ነበር። ከትከሻ ወደ ወገብ ሲጎትቱት ዶቃዎቹ ይሽከረከራሉ። ሞከረችውና ላይ ላዩን አከከኝ እንጂ ሕመሙ ያለበት አልደረሰም አለችው። ቁንጫ ለበዛበት ቤት ግን ደግ ነው ብላ ጨመረችበት። ደስታዋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሁለተኛው የብረት ነበር። እጀታውን ሲያዞሩት ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ይንቀጠቀጣል። ራሷ ልታዞረው ብትል እጇ አልደረሰም። አምሳለች ተጠርታ መጣችና አዞረችላት፤ ጩኸቱ ዶሮዎቹን ከቤት አስወጣቸው፣ የይርገዱ ጥርስ እርስ በርሱ ተንገጫገጨ። ሲያበቃ ግን ወገቧ ትንሽ ሞቅ አላት፤ አልዋሸችም፣ ሞቅ ብሎኛል አለች። ድሬሰሩ ፊቱ ሲፈካ አየችና ቶሎ ብላ አስከተለች፦ «የሚያዞርልኝ ሰው ካለኝማ፣ ያ ሰው በእጁ ያሸኝ የለም?»

ኃይለ ሚካኤል ሳቀና ዕቃውን ጠቅልሎ አስቀመጠ።

ሦስተኛው አልጋው ነው። በጠፍር ያልተወጠረ፣ በራስጌው በኩል ዝቅ ያለ የጣውላ አልጋ። የተኛው ሰው ብብቱ ሥር በሚያልፍ ጠፍር ከራስጌው ይታሰራል፤ ዳሌው ላይ ሰፊ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ከቀበቶው የሚወጣው ገመድ ግርጌው ላይ ባለ መዘውር ዞሮ አሸዋ የሞላ ከረጢት ያንጠለጥላል። ከረጢቱን የሚያወርደው ራሱ የተኛው ሰው ነው፤ ሌላ ገመድ በእጁ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ድሬሰሩ አስተማራትና እስከ መድኃኔ ዓለም ይሞክሩት ብሎ ትቶላት ሄደ።

መጀመሪያ ፈራችው። የሬሳ አልጋ መሰላት። ኋላ ግን ተኛችበት፣ ገመዱን ቀስ ብላ ለቀቀች። ከረጢቱ ሲወርድ ወገቧ ሥር ለዓመታት ነክሶ ይዟት የነበረ ነገር አፉን ከፈተና ለቀቃት። አጥንቶቿ ሲላቀቁ ተሰማት። ጣራውን እያየች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ የደስታ ግን አልነበረም። በማግስቱ እንስራዋን ሳታቃስት ተሸከመች። ሕመሙ ሲመለስባት ደግማ ተኛች፤ ደግሞ ለቀቃት። እንከን ፈለገች። ቀበቶው ይቆርጥ እንደሆነ አየች፣ አይቆርጥም። ገመዱ ይበጠስ እንደሆነ ጎተተች፣ አይበጠስም። ምን ይደረግ፣ ደህና ዕቃ ነው!

አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። አይረባም ብትል አልጋው ለማገዶ ይፈለጥ ነበር፤ ማንም አይጠረጥራትም። እንዲያ ለማለት ቆርጣም ነበር። ይህንን እያሰበች ሳለ ማናዬ መጣ። ማናዬ አራሽ ነው፤ እሷ ዘንድ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ ጎልማሶች ሆነዋል። እንደ ወትሮው ተኛ፣ ስማቸውን ጠራ፣ ተረገጠ፣ ተነሥቶ ቀጥ አለ፣ መረቃትና ወጣ። ይርገዱ ቅቤውን ከእጇ ልትጠርግ ወደ ደጅ ብቅ ስትል፣ አጥሩ ጋ ደርሶ እንጨቱን ጨብጦ ጎብጦ ቆሟል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እሷ እንዳታየው ብሎ ነው እስከዚያ ቀጥ ብሎ የሄደው።

ይህንን ዛሬ አይደለም ያየችው። ስንቴ አይታ ስንቴ ፊቷን መልሳለች! ተረከዟ የአንድ ቀን እፎይታ እንደሚሰጥ፣ ከዚያ በላይ እንደማይሰጥ፣ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት። እና ይህ ሰው የሚታመመው የልጆቼን ስም እንዲጠራልኝ ነው? ብላ ራሷን ጠየቀች። በራሷ አፈረች። ቤት ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ብዙ ሰዓት አልተነሣችም።

በመድኃኔ ዓለም ድሬሰሩ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። እነዚያን ሁለቱን ጣላቸው፣ ይኸኛው ግን ደህና ነው አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኃይለ ሚካኤል የልቡ ደርሶለት ሳለ አንድ ነገር ቀርቶት ነበር።

«ብቻውን የሚኖር ሰውስ ይችለዋል?»

 ይርገዱ ገመዱን በጣቷ ያዘች።

«ይችለዋል» አለች። «ሰው አያስፈልገውም።»

ከዚያ ወዲያማ ምን ይነገራል። አናጢው ሌላ ሥራ ትቶ አልጋ ብቻ ይሠራ ጀመር። ወሬው ቢቸና ደረሰ፤ ከአምበርም እየመጡ አልጋ አስለኩ። ማናዬ ዱላውን ጣለ፤ ገበያ ላይ ሲያገኛት እጇን ይስማል፣ አንቺ ባትነግሪን ኖሮ እያለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ግን ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ለመረገጥ ይመጡ የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ለሰላምታ ጎራ ይሉ ነበር፤ ኋላ ያም ቀረ። ማንም በክፋት አይደለም፤ ያልታመመ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል? የሙከራውን አልጋ ድሬሰሩ ለእሷ ሰጥቷታልና ወገቧ ደህና ነው። ትፈትላለች፣ ትተኛበታለች፣ ትነሣለች። ውሻ ሲጮህ ቁርበቱን ታራግፋለች፤ አላፊ አግዳሚ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ክረምቱም በጋውም አለፈ።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አዲስ የመጣችው አስተማሪ ባንቺዓለም ናት፤ አገሯ ወሎ ነው፣ ከወለደች ወዲህ ወገቧ ይዟታል። ቀበቶው እንዴት እንደሚታጠቅ እትዬ ይርገዱ ያሳዩሽ ብሎ ድሬሰሩ ልኳት ነው። ይርገዱ አስተኛቻት፣ ጠፍሩን አሰረችላት፣ ገመዱን አስያዘቻት። ከረጢቱ ወረደ። ባንቺዓለም ትንፋሿን ለቀቀችና፣ ዝም ብሎ መተኛቱ ቢከብዳት፣ ለወሬ ያህል ጠየቀች።

«እትዬ፣ ልጆች አሉዎት?»

ሞጣ ውስጥ ይህንን የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። ይርገዱ ልቅሶው እስኪቀድማት ጠበቀች። አልቀደማትም።

«ታዘበውና አየሁሽ» አለች። «መንታ ነበሩ።»

ነበሩ የሚለው ገብቷት ባንቺዓለም አዘነች፤ ነፍስ ይማር አለች። እንደ አገሩ ሰው ዝም ማለትን ግን አላወቀችበትም፤ ልጅ ያላት ሴት ሌላዋን እንደምትጠይቀው ጠየቀቻት።

«ማንን ይመስሉ ነበር?»

ይርገዱ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ታዘበው... አለች በሆዷ። ስሙ መጣ። በባለርስቱ ድምፅ፣ በቄሱ ድምፅ፣ በማናዬ ድምፅ መጣ። አየሁሽም እንዲሁ። ፊታቸውን ፈለገች። የትኛው ነበር ጠይሙ? የማን ዓይን ነበር ጎላ ያለው? ይህን ሁሉ ዘመን ስማቸውን ስታስጠራ ኖራ መልካቸው መቼ እንዳመለጣት አላወቀችም።

«እንጃ» አለች።

ባንቺዓለም ልታጽናናት ብድግ ልትል ሞከረች፤ ጠፍሩና ቀበቶው ይዘዋታል፣ ከረጢቱም ይስባታል፣ አልቻለችም። ይርገዱም ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ቤቷ ውስጥ ሰው እያለ ብቻዋን አለቀሰች።