ደገኛው ጨረራ ጠቋሚ በካርቱም

ከጎንደር የተነሣሁት ማልዶ በሚወጣው የመተማ አውቶቡስ ነው። ጭኔ ላይ በብርድ ልብስ የጠቀለልኩት የአሉሚኒየም ቱቦ ነበር፤ ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢለኝ እሺ አላልኩትም። ቱቦው ራሴ የነደፍኩት ጨረራ ጠቋሚ ነው። በውስጡ ጋዝ ይፈስሳል፣ መሐሉ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተወጥሯል። ጨረራ በጋዙ ሲያልፍ የሚፈለቅቃቸው ኤሌክትሮኖች ወደ ሽቦው እየሮጡ ይባዛሉ፣ ድምፅ ማጉያውም "ቀጭ" ይላል። ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ይህን ያህል የኮራሁበት ሥራ ግን የለኝም።

ካርቱም የሚጠብቀኝ ሰለሞን ነው፤ አብረን የተማርን፣ በፖለቲካ ምክንያት ተሰዶ እዚያው የቀረ። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር አንድ የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ውስጥ በያጅ ነው። ከእነሱ ብዙ በማይርቅ ሌላ ግቢ አንድ ያገራችን ሰው ከብረት መሐል ያነሣት የምታብለጨልጭ ቁራጭ ጣቶቹን አሳጥታዋለች። ከአሮጌ የፋብሪካ መለኪያ የወጣች የጨረራ ምንጭ ነበረች። ሰለሞን ደውሎ "እኛ ጋ ሳይደገም በር ላይ የሚቆም ነገር ሥሪልን" አለኝ።

ቁልቁል

ከአይከል በኋላ መንገዱ መውረድ ነው። ሸኸዲ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የሰሊጥ ነጋዴ "ይሄማ ምኑ ሙቀት ነው? ካርቱም ስትደርሺ ታወሪኛለሽ" አሉኝ። ካርቱም እሄዳለሁ ያልኩት ሰው ሁሉ የነገረኝ ይህንኑ ነው። እኔም አስቤበታለሁ፤ ሙቀት ጋዝን ያሳሳል፣ የሳሳ ጋዝ ከልክ በላይ ያባዛል፣ ስለዚህ ጎንደር ሳለሁ ቮልቴጁን ቀነስ አድርጌ ነው የመጣሁት። ብልሃቴ ደስ ብሎኝ እስከ መተማ ተኛሁ።

ገላባት ላይ የሱዳኑ ፖሊስ ቱቦውን አገላብጦ አየና ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ማሽላ፣ ደግሞ ማሽላ። ገዳሪፍ ላይ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በላሁ፤ ከጎንደር ምሳ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። ካርቱም አመሻሽ ላይ ገባሁ። ሰለሞን ራክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን ይዞ ጠበቀኝ፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቱ አደርኩ።

ሐጅ ዩሱፍ

በማግስቱ ቱቦውን በር ላይ ሰቀልነው። ጋዝ ከአገሬ መሸከም አላስፈለገኝም፤ የነደፍኩት በያጆች በሚጠቀሙበት የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ እንዲሠራ ስለሆነ ከሰለሞን ሲሊንደር ቀጠልንለት። አበራሁት። ጥቂት "ቀጭ" አለና ዝም አለ።

የግቢው ባለቤት ሐጅ ዑስማን ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀረቡ። አማርኛ ከሠራተኞቻቸው ለምደዋል። "ሹፊ ያ ዶክቶራ፣ እይው፣ ዝም ብሏል። ዝም ካለ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ያላ፣ ጫኑ።"

እኔም አልተቃወምኩም። ከሰማይ የሚወርደው ጨረራ በቆላ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ዝምታውን በዚያ አስረዳሁ። ወዛደሮቹ ወደ ማቅለጫው የሚሄደውን መኪና መጫን ጀመሩ።

ከምሳ በኋላ ግን ተጠራጠርኩ። ዝምታው በዛ። የመሞከሪያ ምንጭ ድንበር ማሻገር ስላልፈለግሁ ባዶ እጄን ነኝ። ሰለሞንን የድሮ የማሾ መብራት ላይ የምትታሰረውን ነጭ ከረጢት እንዲፈልግልኝ ላክሁት፤ የድሮዎቹ ጨረራ የሚረጭ ቶሪየም አለባቸው፣ ጠቋሚ ካያቸው መንጫጫት አለበት። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያልተቃጠለች አገኘ። ቱቦው ላይ አስጠጋኋት። ዝም።

ላቤን እየጠረግሁ ውኃ ፍለጋ ቦርሳዬን ብከፍት አይከል ላይ ጠጥቼ የከደንኩት ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑ ተጨምቆ አገኘሁት። ያን ጊዜ ገባኝ። የቱቦዬ ጫፍ ክፍት ነው፤ ጋዙ የአገሩን አየር ግፊት ይይዛል። የካርቱም አየር ከጎንደር ይከብዳል፣ ጋዙም ይጠቀጠቃል፤ ኤሌክትሮኖቹ በየመንገዱ እየተጋጩ ጉልበት ሳያጠራቅሙ ይቀራሉ። ሙቀቱ የሚያሳሳው ከዚህ አይወዳደርም። ቮልቴጁን መጨመር ሲገባኝ ቀንሼ መጣሁ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ደገኛ ሱዳን ሲወርድ የሚያስበው ሙቀቱን ብቻ ነው።

"ጭነቱ ይውረድ" አልኩት ሰለሞንን።

"ሙሉ መኪና? ሐጁ ያብዳሉ። ኢቃማዬ በእሳቸው ስም ነው፤ ከተቆጡ የመኖሪያ ፈቃዴም አበቃ።"

"ካልወረደ ጠቋሚውን ነቅዬ እሄዳለሁ።"

የብየዳ ጓንቱን አወለቀ። "ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ" አለ፣ ሄደም። ፈርቼለት ነበር።

ጭነቱ ሲወርድ

ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ስጨምር ቱቦው ነቃ። ከረጢቷን ሳስጠጋ ተንጫጫ፣ ሳርቃት ረገብ አለ፤ ያለ እሷም ግን በየጊዜው "ቀጭ" ይላል። ወዛደሮቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ትናንሽ ድምፆቹ በሽታ መስለዋቸዋል። "ይሄ መተንፈሱ ነው፤ ከሰማይም ከምድርም ሁሌ ጥቂት ጨረራ አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ለዚህ ዕቃ ግን ዝምታ ሞት ነው" አልኳቸው። እያንዳንዱን ብረት በፊቱ አሳለፍን። ምንም አልተገኘም።

ሐጅ ዑስማን ከፍቷቸዋል። "እና ጠዋት ዝም ያለው እውነቱን ነበር። ሹግሉን፣ ሥራውን ለምን አስቆማችሁት?"

መልስ ሳዘጋጅ ከሽቦ መዳብ የምትለቅመው ዘውዲቱ ከተቀመጠችበት ቀደመችኝ። "ሐጅ፣ ጠዋት በር ላይ ያቆምነው ዕውር ነበር። ሌባ ስላልመጣ ጎበዝ ዘበኛ ነው ሊሉኝ ነው?"

ሐጁ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ ቢሯቸው ገቡ። ሰለሞን ይባረር አይባረር ሳላውቅ ነው የተሰናበትኩት።

ጎንደር

ስመለስ ዳገቱን በመስኮት እያየሁ ቱቦዎቼን ሁሉ በየአገሩ ግፊት ቮልቴጃቸውን የሚያስተካክሉ አድርጌ በአእምሮዬ ነደፍኳቸው። አሁን እንደዚያ ነው የምሠራቸው፤ ተማሪዎቼንም ዝም ያለ መሣሪያ ሲያዩ ደኅና ነው ከማለታቸው በፊት መስማቱን እንዲፈትኑ አስተምራለሁ።

ቤት ከገባሁ ከሳምንታት በኋላ ሰለሞን ደወለ፤ ከሥራ ቦታው ነው። የሲሊንደሩ ጋዝ አልቆ ጠቋሚው ለከረጢቷም ዝም ብሎ ነበር። ወዛደሮቹ ተሰልፈዋል፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

"እና ጫናችሁ?" አልኩት።

"የት ተደርጎ። ሐጁ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ጀለቢያቸው ኪስ ከተቱት። 'ማሽኑ ሳይናገር ማንም ብረት አይነካም' ብለው በሩ ሥር ቁጭ ብለዋል።"